ሰማንያ ስምንተኛው ስም

ወሰኔ በነቀምቴ ቡርቃ ጃቶ ሠፈር የእድሩን ስም መጥራት ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ፊደል የቆጠረችው እስከ ሁለተኛ ክፍል ብቻ ስለሆነ መዝገቡን ይዛ ትቆማለች እንጂ አታየውም። መቶ አርባ ሦስቱ አባወራ እድሩን በገቡበት ተራ አፏ ላይ ተሰልፈዋል። ትጠራለች፤ ኦሮሞው «ጅራ!» ይላታል፣ ከወሎ የመጣው «አለሁ!» ይላታል። ዝም ያለውን ሦስት ጊዜ ትጠራዋለች። ከሦስቱ በኋላም ዝም ካለ ዝም ተብሎ አይታለፍም፤ ሰው ተነስቶ ምክንያቱን መናገር አለበት። ታሟል፣ ሄዷል፣ እንግዳ መጥቶበታል፣ የሆነውን። የሞተ እንደሆነ ግን «አብቅቷል» የሚለውን ቃል ከገዛ ቤቱ ሰው በቀር ማንም አይደፍረውም። የቤቱ ሰው ተነስቶ ያን ቃል ሲናገር ስሙ ይዘጋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ለቅሶ ይቀመጣል።

ሰማንያ ስምንተኛው ስም የባሏ ነው።

ጫንያለው አፉ ለመልስ ሰነፍ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ኋላ ባለች አግዳሚ ላይ የቆርቆሮውን ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጥና፣ ስሙ ሲጠራ በመዳፉ ቆርቆሮውን ሁለቴ ይመታዋል። ጧ፣ ጧ። ሰው ይስቃል። «ሰማን፣ ግድግዳችንን አታፍርስብን» ትለዋለች ወሰኔ። የሚነዳውን የጭነት አይሱዙ ግቢው በር ላይ ሲያቆምም ያው ነው፤ ጥሩምባ አይነፋም፤ የመኪናውን በር ሁለቴ በጥፊ ይለዋል፣ እሷ ወጥታ ትከፍታለች።

ከሦስት ዓመት በፊት በሐምሌ ከአንገር ጉቲን በቆሎ ሊያመጣ ወጣ። መኪናው ኡኬ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው መንገድ ዳር ቆሞ ተገኘ። በሩ ክፍት ነው፣ ቁልፉ እንደተሰካ ነው፣ በቆሎው አልተነካም፣ ጃኬቱ ወንበሩ ላይ ታጥፎ ተቀምጧል። ሰውየው የለም። እድሩ እንዳለ ወጥቶ ጫካውን በእጅ በእጁ ዳሰሰው። ጫማ እንኳ አልተገኘም።

ከዚያ ወዲህ በየወሩ ሰማንያ ስምንት ላይ ስትደርስ «ጫንያለው» ብላ ሦስት ጊዜ ትጠራና፣ ራሷ «መንገድ ላይ ነው» ብላ ታልፋለች።

«ሦስት ዓመት ሙሉ?» አላት አንድ ቀን የእድሩ ሰብሳቢ ኦቦ አዱኛ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር ግን ሳይከደን የቀረ ነገር እንቅልፍ ይነሳዋል። «ምን ዓይነት መንገድ ነው አዴ ወሰኔ? ምድርን ዞሮ ነው እንዴ የሚመጣው?»

«መንገዱን እርስዎ አልጠረጉት ኦቦ አዱኛ፤ ርዝመቱን በምን ያውቁታል?»

«ቁርጡን አውቀው እርምዎን ያውጡ ብዬ ነው እኮ።»

«ቁርጡን ያመጣልኝ ሰው የለማ። ሬሳ አምጡልኝና እኔው የለቅሶውን ጥሩምባ እነፋለሁ።»

እንዲህ እያለች ሳለ ጉሮሮዋ ታመመ። ሐኪሙ መጮኽ ከለከላት፤ ብትጮኽም ድምጿ እንደ ተቀደደ ከበሮ ሆነ። በዚህ ጊዜ ነው ናኦሚ ስም የሚጠራ መሳሪያ ይዛ የመጣችው።

ናኦሚ የነፍሰ ኄር ኢዮስያስ ልጅ ናት። መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተርና ስልክ የምትጠግንበት ጠባብ ሱቅ አላት። አባቷ በሕይወት ሳለ ለቤተ ክርስቲያን የድምፅ ማጉያ የሚያዝ ፕሮግራም በገዛ እጁ ጽፎ ነበር፤ እሷ ያንን ከእድሩ መዝገብ ጋር ልታጋባው አሰበች። ወሰኔን ሱቁ ውስጥ አስቀምጣ፣ ድምጿ ጨርሶ ሳይሄድ፣ ስሞቹን አንድ በአንድ ቀዳች። ወሰኔም ዝም ብላ የምትቀዳ ሴት አይደለችም።

«ይሄ ነገር እንዴት ነው የሚሠራው? ሳላውቀው ድምፄን አልሰጥም።»

«ኮምፒውተሩ ውስጥ ሁለት ሠራተኞች አሉ ይበሉ» አለቻት ናኦሚ። «አንዱ ፓይተን ይባላል፤ መዝገቡ እሱ ዘንድ ነው። ሌላው የአባዬ ነው፣ ሲ በሚሉት ቋንቋ የጻፈው፤ ስፒከሩንና ማይኩን የሚያዘው እሱ ነው። ቋንቋቸው አይገናኝም። ስለዚህ መሀላቸው መረካከቢያ አበጀሁ። ፓይተን ስሙን ሁሉ በአንዴ አይዘረግፍም። የአባዬ ‹ቀጥሎ?› ይለዋል፣ አንድ ይሰጠዋል። ‹ቀጥሎ?› ይለዋል፣ አንድ ይሰጠዋል።»

«እንደኔው ነዋ።»

«ልክ እንደርስዎ። ስሙ ይጠራል፣ ማይኩ መልስ ያዳምጣል፣ መልስ ሲሰማ አረንጓዴ አድርጎ ያልፋል። ዝም ካለ ሦስት ጊዜ ይደግማል፤ ከዚያ ምክንያት እስኪነገረው ቆሞ ይጠብቃል። ልማዱን አልነካሁም።»

«ስሙ ሲያልቅስ?»

«ፓይተን ባዶ እጁን ይዘረጋል። የአባዬ ባዶ እጅ ሲያይ ያቆማል።»

‹ባዶ እጅ› የሚለው ቃል ወሰኔን አንድ የቆየ ነገር ነካባት። ምን እንደሆነ ግን ያኔ አልመጣላትም።

ሰማንያ ስምንት ላይ ሲደርሱ ናኦሚ እጇን ከላፕቶፑ ላይ አነሳች። አዱኛ ስሙን አትጻፊው ብሏታል። ወሰኔ ደግሞ ፊቷ ተቀምጣለች። አንዱን እሺ ብትል ሌላውን ማስቀየም ሆነባት። ይሉኝታ ይዟት ቁጥሩን ሳትሰርዝ፣ ስሙንም ሳትጽፍ፣ ቦታውን ባዶ ትታው አለፈች። «ሲስማሙ እሞላዋለሁ» አለች በሆዷ። ወሰኔም ይህን አየችና የሚቀጥለውን ስም ጠራች።

በሰኔው ስብሰባ መሳሪያው ለመጀመሪያ ጊዜ ጠራ። ወሰኔ ከሴቶቹ መሀል ተቀምጣ የገዛ ድምጿ ከጣራው ሥር ሲወርድ ሰማች። ሰውነቷን ውርር አደረጋት፤ እሷ አፏን ዘግታ ተቀምጣ፣ እዚያ ላይ ሌላ ወሰኔ ትጣራለች፣ ያውም ጉሮሮዋ ያልታመመ።

«ጋሩማ ተርፋሳ» አለ ድምጹ። ሰማንያ ሰባት።

«ጅራ!»

ከዚያ ጸጥ አለ። ሰው ሁሉ ጠበቀ። ድምጹም ለመዝጊያ የቀዳችውን ቃል አመጣ፦ «ስም ጥሪው ተፈጽሟል። በሰላም ግቡ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰማንያ ዘጠነኛው ኢስማኢል፣ ከወሎ የመጣው ልብስ ሰፊ፣ ተነስቶ ኮቱን አራገፈ። «ወላሂ እኛስ? ከጋሩማ ወዲያ ያለነው ሰው አይደለንም? ወይስ እኛን ቀብራችሁ ረሳችሁት?» ሳቁ እንደገና ፈላ።

ያልሳቀችው እማማ ማሬ ብቻ ናት፣ ዘጠና አንደኛዋ። ከበሩ ስትወጣ የወሰኔን እጅ ያዘችና «እኔን ሳይጠሩኝ አለቀ አሉ፣ አይደል?» አለቻት። «ኧረ እማማ፣ እቃው ተበላሽቶ ነው» ብትላት አሮጊቷ ራሷን ነቀነቀች። «ባንቺ ድምፅ ነው እኮ ያለው።»

ሐሙስ ዕለት ማሬ ሞተች። ቀኗ ነው፣ አርጅታለች፣ ይህን ሁሉም ያውቃል። ቢሆንም ከቀብር መልስ የሳቀ ሰው አልነበረም። ከሰማንያ ስምንት በታች ያሉት ሃምሳ አምስት ቤቶች እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ። በእሑዱ ኢስማኢል ወሰኔ ደጅ መጣ።

«እትዬ፣ እኔ የማላምን ሰው ነኝ፣ አንቱ ያውቁኛል። ግን ሚስቴ ልጆቹን ይዛ አጠገቤ አትተኛም። ባሏ ሳይጠራ የቀረበት ጉድጓድ አፋፍ ላይ ነው የቆምከው ትለኛለች።»

«ጉድጓድ ማለት ምን ማለት ነው? ባዶ ቦታ ነው።»

«እሱኑ ነው ያለችው» አለ ኢስማኢል፣ ሳይስቅ።

ወሰኔ ነጠላዋን አነሳችና ቀጥ ብላ ናኦሚ ሱቅ ሄደች። ናኦሚ ዓይኗ ቀልቷል፤ ጥፋቱን አግኝታዋለች።

«ሰማንያ ስምንት ነው» አለች። «ፓይተን እዚያ ሲደርስ ቁጥር አለ፣ ስም የለም። ይደነግጥና ባዶ እጁን ይዘረጋል። ምን እንደገጠመው በወረቀት ጽፎ ከኋላው ያስቀምጣል፤ የአባዬ ግን ወረቀቱን አያይም። እጁን ብቻ ነው የሚያየው። ባዶ ሲሆንበት አለቀ ብሎ ዘጋ። ጥፋቱን የሠራሁት እኔ ነኝ አዴ። ይሉኝታዬ ነው።»

ወሰኔ ወንበሩ ላይ ዝርግፍ አለች። ያን ዕለት ‹ባዶ እጅ› ሲባል የነካት ነገር አሁን ፊቱን አዞረላት።

«ሰባት ዓመቴ ነበር» አለች። «በሠፈራ ከወሎ አምጥተው አንገር ጉቲን ካወረዱን ሦስት ወራችን። ስንዴ ከመጋዘን ይሰፈርልናል። አባቴ ወባ ጥሎት ስለነበር ቁና አስይዞ እኔን ላከኝ። ሄድሁ፤ መጋዘኑ ተዘግቷል፤ ስንዴ ሰፋሪው ታሞ ቁልፉን ይዞት ቀርቷል። ስንዴውማ እስከ ጣራው ነው፣ በቀዳዳ አይቼዋለሁ። ልጅ ነኝ፤ ባዶ ቁናዬን ይዤ ተመልሼ ደጃፍ ላይ ቆምሁ። አባቴ ቁናውን አየና ‹አልቋል› አለ። እኔ ዝም። ጎሕ ሲቀድ ወደ አገሩ ሊመለስ ትኩሳቱን ተሸክሞ በእግሩ ወጣ። ሰፋሪው ረፋዱ ላይ መጣ። አባቴን በአራተኛው ቀን አንገር ወንዝ ዳር አገኙት።»

ናኦሚ ላፕቶፑን ከደነችው። ወሰኔ ቀጠለች።

«‹አላለቀም፣ ሰውየው ታሞ ነው› ብል ይበቃ ነበር። ባዶ እጅ ብቻውን አይላክም ልጄ። ከቃል ጋር ነው የሚላከው። እኔ ስም ስጠራ ሦስት መልስ አለኝ፦ አለ፤ አብቅቷል፤ አንድ ነገር ገጥሞታል። የኋለኞቹን ሁለቱን አንድ ላይ የሰፋችኋቸው እናንተ ናችሁ።»

«የአባዬን ኮድ ከሞተ ወዲህ አንዲት ፊደል ነክቼበት አላውቅም።»

«አባትሽ ሰው ነበር፤ ሰው የሠራው ይጠገናል። የእግዜርን ሥራ እንኳ ሐኪም ይነካካዋል።»

ናኦሚ ከዚያ በኋላ አምስት ቀን ሱቁን ዘግታ ሠራች። መረካከቢያውን አፍርሳ እንደ አዲስ አበጀችው። ስሙ በአንድ በኩል ይመጣል፣ ቃሉ በሌላ በኩል። አንድ ካለ፣ ስም ይዣለሁ ማለት ነው። ዜሮ ካለ፣ በእርግጥ አልቋል። ከዜሮ በታች አንድ ካለ፣ ችግር ገጥሞኛል፣ አላለቀም። ያን ጊዜ መሳሪያው በራሱ አይፈርድም፤ ደወል መትቶ ጠሪዋን ይጠብቃል። ጠሪዋ ቁልፉን ተጭና በገዛ አፏ ትጠራለች፤ ጣቷን ስታነሳ ማይኩ መልሱን ማዳመጥ ይጀምራል። ፓይተንን ስም ባለበት ላይ፣ ባዶ ላይ፣ ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ፣ መቶ ጊዜ ሞከረችው። «ከእንግዲህ አንዱን ካንዱ አያምታታም» አለቻት። «ያለውን አለ፣ የሌለውን የለም ነው የሚለው። እምላለሁ።»

አዱኛ ይህን ሲሰማ ወሰኔ ቤት መጣ። አልቀመጥም ብሎ በሩ ላይ ቆመ።

«አዴ ወሰኔ፣ ሰው ፈርቷል። ኮሚቴው ትናንት ተሰብስቦ ወስኗል። በሐምሌው ስብሰባ ደወሉ ሲመታ እርስዎ ራስዎ ይጠሩታል። ካልመለሰ ‹አብቅቷል› ይበሉና እንደ ወግ ለቅሶውን እንቀመጥ፤ ካርዱም በስምዎ ይዞራል። አልልም ካሉ ግን ሰማንያ ስምንት ከነቤቱ ይሰረዛል።»

«ማለት እኔ ስሞት ቀባሪ የለኝም።»

«እኔ እንዲህ አላልኩም።»

«አሉ እንጂ። ይሁን። እኔ ዋሽቼ ከነነፍሱ ከምቀብረው፣ እኔው ራሴ ሜዳ ላይ ልቅር።»

አዱኛ ቆቡን አውልቆ መልሶ አደረገው። «አጀብ ነው፣ በሬ ነዎት እኮ» አለና ሄደ። እሷም ያን ጊዜ የምትናገረውን አውቃ ጨርሳ ነበር። ትጠራዋለች፤ ዝም ይላል፤ መንገድ ላይ ነው ትላለች፤ ይሰርዟታል። በቃ።

የሐምሌው ስብሰባ ቀን ጉም ነቀምቴን ዋጣት። ዝናብም አልዘነበ፣ ነፋስም አልነፈሰ፤ ጉሙ ብቻ ጣራው ላይ ተቀምጧል። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞላ። ያልመጣ ሰው የለም። ከሰማንያ ዘጠኝ ወዲያ ያሉት ከነልጆቻቸው ነው የመጡት። ኋላ ያለው ቆርቆሮ ግድግዳ ሥር ያለችው አግዳሚ ግን ባዶ ነበረች፤ ሰው ቆሞ እያለ እንኳ እዚያ የተቀመጠ የለም።

መሳሪያው ጠራ፤ ሰው መለሰ። «ጅራ!» «አለሁ!» ናኦሚ ላፕቶፑ ላይ ስሞቹ አንድ በአንድ አረንጓዴ ሲሆኑ ታያለች።

«ጋሩማ ተርፋሳ።»

«ጅራ» አለ ጋሩማ፣ እንደ መጀመሪያው ሳይሆን በቀስታ።

ደወሉ መታ።

ናኦሚ ለወሰኔ ራሷን ነቀነቀችላት። ወሰኔ ተነስታ ወደ ፊት ሄደች። ሰው መንገድ ለቀቀላት። ቁልፉን ተጫነች።

«ጫንያለው» አለች በሻከረው ድምጿ። ጣቷን አነሳች።

ጸጥ አለ። ሕፃን እንኳ አላለቀሰም። ወሰኔ ወደ ኋላው ግድግዳ አየች፤ አግዳሚዋ ባዶ ናት። ሁለተኛውን ለመጥራት ጣቷን መለስ ስታደርግ፣ ከላይ የገዛ ድምጿ፣ ያ ያልታመመው፣ ቀደማት፦

«ኢስማኢል መሐመድ።»

ኢስማኢል አልመለሰም። አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ምነው ዘለለው?» አለ አዱኛ። «ሦስት ጊዜ አልተባለም እንዴ?»

ናኦሚ መሳሪያውን አቆመችውና ወደ ላፕቶፑ አጎነበሰች። ፊቷ አመድ መሰለ። ሰማንያ ስምንት አረንጓዴ ሆኗል።

«አልዘለለውም» አለች። «አልፎ ነው። መልስ ሰምቶ ነው ያለፈ።»

«ማን መለሰ?» አለ አዱኛ ወደ ሕዝቡ ዞሮ። «ይሄ ቀልድ አይደለም፣ ማነው የመለሰ?» ማንም። ሰው ሁሉ ጎረቤቱን አየ። የሰማ ሰው የለም።

«ተበላሽቷላ እንደገና!»

«አልተበላሸም ኦቦ አዱኛ። ችግር ቢሆን ችግር ይለኝ ነበር። አለ ነው የሚለኝ።»

«የቀዳውን አሰሚን» አለች ወሰኔ።

«አዴ...»

«አሰሚን ብዬሻለሁ።»

ናኦሚ ከፈተችው። ከስፒከሩ ዝምታ ወጣ፤ የአዳራሹ ዝምታ፣ አንድ ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ ወንበር ሲንቋቋ። ከዚያ ለማይኩ በጣም ቀርቦ፣ ቆርቆሮ ላይ በመዳፍ፦

ጧ። ጧ።

አንዲት ሴት ጮኸች። ሁለት ጎረምሶች ሮጠው በኋላ በኩል ወጡ፤ ግድግዳውን ዞረው መጡ። ሣሩ ላይ የጉሙ ጤዛ እንዳለ ነው፤ የረገጠው የለም። ማይኩ ደግሞ ያለው ፊት ለፊት ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ከቆርቆሮው ሃያ እርምጃ ይርቃል።

ኢስማኢል ቀስ ብሎ መጣና ከወሰኔ ጎን ቆመ። «አብሽሩ እትዬ» አላት። «አንቱ ልክ ነበሩ። አለ ማለት ነው። መንገድ ላይ ነው እንዳሉት።»

ወሰኔ ኋላ ያለችውን አግዳሚ አየች። ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ድምፅ በግቢው በር ስትጠብቅ ኖራለች። ብትሰማው ሮጣ ልትከፍት ነበር የምታስበው። አሁን ሰምታዋለች፤ እግሯ ግን ወደዚያ አልሄደም።

«አይደለም» አለች። ድምጿ ለኢስማኢል ብቻ ነበር የወጣው፤ ቀጥሎ ግን ሁሉም ሰማት። «መንገድ ላይ ያለ ሰው እዚህ አይመልስም። ጫንያለው በሕይወት ቢኖር ሩቅ ነው፤ ስጠራው አይሰማኝም። ዝም ቢለኝ ኖሮ እስክሞት እጠብቀው ነበር። እዚህ ሆኖ የማናየው ከሆነ...»

አልጨረሰችውም። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ በወገቧ አሰረችው፤ ሐዘንተኛ እንደሚያስረው። ሴቶቹ ይህን ሲያዩ በአንድ ጊዜ ተነሱ። አዱኛ ቆቡን አወለቀ። ያን ሁሉ ወር ይህችን ቃል ሲጠብቅ የኖረ ሰውዬ አሁን ባትናገራት የሚመርጥ ይመስል ነበር።

«ጫንያለው አብቅቷል» አለች ወሰኔ።

ናኦሚ ቃሉን ሰማንያ ስምንት ላይ ጻፈችው። ሰዎቹ ድንኳኑን ሊያወጡ ወደ ዕቃ ቤቱ ሲንቀሳቀሱ ወሰኔ እጇን ዘርግታ አስቆመቻቸው። ከታች ሃምሳ አምስት ቤት አለ። ኢስማኢል እንደቆመ ነው፣ ልጆቹ ኮቱን ይዘውታል።

«ቁጭ በሉ፤ አላለቀም» አለች። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ወደ ናኦሚ ዞረች።

«ቀጥሎ?»